ሦስት መቶ አሥራ አንድ ልብ

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁለት ጣቱ ወደ ትልቋ ዶክተር ገፋ አደረገው። እንዳይበርር ደግሞ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጫነበት። ትልቋ ዶክተር ገና ጋውኗን እንኳ አልቆለፈችም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ካሉት አራት አግዳሚ ወንበሮች ሦስቱ ሞልተዋል፤ አራተኛው ላይ ሰው እየተጠጋጋ ነው።

«ሦስት መቶ አሥራ አንድ የልብ ሕሙማን፤» አለ ተቆጣጣሪው። «በአንድ ዓመት ውስጥ እዚህ መጥተው ታይተዋል። አንዳቸውም ለልብ ምርመራ ወደ ከተማ አልተላኩም። አንዳቸውም፣ ዶክተር!»

«እዚህ መንደር ሦስት መቶ አሥራ አንድ የልብ ሕመምተኛ ካለ፣ ያንን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ማን ነው ታዲያ?»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነበር፦ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ ቅጹ ላይ ያለ ፈቃድ የጨመርኩትን መስመር ከዛሬ ጀምሮ አላሰምርም። ከታች ለፊርማ ቦታ አለው። እስከ ቀትር ከፈረመች ነገሩ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ካልፈረመች ከነገ ጀምሮ ከሥራ ታግዳለች፤ ጤና ጣቢያው በአንድ ሐኪም ይቀራል።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ከላይ አዲስ ቅጽ መጣ። ቅጹ ላይ ሰው ሊታመም የሚችልባቸው አርባ ሁለት ነገሮች ከነቁጥራቸው ተደርድረዋል፤ ከአርባ ሁለቱ ውጭ መታመም ክልክል ይመስላል። ራስ ምታት አንድ። ሳል አራት። ልብ ዘጠኝ። ድካም አሥራ ሰባት። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ቁጥር ያከብባል፣ ታማሚው ይሄዳል። ዘጠኝ የተከበበለት ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ከተማው ሆስፒታል ይላካል። ታማሚው በገዛ አፉ ያለውን ለመጻፍ ግን ቅጹ አንዲት መስመር አልተወም።

ትልቋ ዶክተር ያን ቀን ቅጹን አገላብጣ አየችው። ጀርባውንም አየች፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ማስመሪያ አወጣች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እያንዳንዱ ቅጽ ታማሚ እጅ ከመግባቱ በፊት አናቱ ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ከመስመሩ ፊት «የታማሚው ቃል» ተብሎ ይጻፍበታል። ሰውየው «ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ» ካለ ይኸው ይሰፍራል። ሴትዮዋ «ራሴን ዞር ዞር ያደርገኛል» ካለች ይኸው። ቁጥሩም ይከበባል፤ ቁጥሩ ይቅር ያለ የለም። ግን ከቃሉ በታች ነው።

መስመሩን የምታሰምረው ካርዷ ናት። ካርዷ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ናት፤ ያን ሁሉ ካርድ ስማቸውን ሳትጠይቅ የሰዉን ፊት እያየች ብቻ ስለምታወጣ ሰዉ ይህን ስም አወጣላት። እሷ በተራዋ ተቆጣጣሪውን «አቶ አርባ ሁለት» አለችው። ስሙ በአንድ ቀን ኮሪደሩን አዳርሶ ገበያ ገባ። መቼስ ካርዷ ያወጣችው ስም እንደ እሷ ካርድ ነው፤ አይጠፋም።

ጤና ጣቢያው ሁለተኛ ሐኪምም አለው። ትንሹ ዶክተር ይሉታል። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቅጹንም ይወደዋል። መስመሩን ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይተወዋል። «ዶክተር፣ የሚሉትን ሁሉ ልጻፍ ካልኩ ይመሻል» ይላል። ትልቋ ዶክተር ሁለት ሦስቴ ተቆጥታው፣ ከዚያ ትታዋለች። ራሷም በሱ ዕድሜ እንደሱ ነበረች።

አሁን ወደ ሦስት መቶ አሥራ አንዱ። የዚህ መንደር ሰው ጨጓራው ሲያቃጥለው «ልቤን» ይላል። ሲነፋውም «ልቤን»፣ ሲያቅለሸልሸውም «ልቤን»፣ ሲከፋውም «ልቤን» ነው። ልብ እዚህ ከአንገት በታች ተነስቶ እስከ እምብርት የሚዘልቅ ሰፊ አገር ነው። አቶ አርባ ሁለት ባለፈው ወር መጥቶ ካርድ ክፍል ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ያንን ክልክል መስመር እያነበበ «ልቤን» የሚለውን ሁሉ ቆጠረ። በደንብ ነው የቆጠረው፤ አንድም አልዘለለም። ችግሩ ቆጠራው ላይ አልነበረም።

ትልቋ ዶክተር ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ፈርታለች። ይሄ ይነገር እንጂ፣ ለምን ይደበቃል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ክፍል ተቀምጣለች፤ ኮሪደሩ ላይ ከሚጠብቁት ውስጥ ሲወለዱ በእጇ የተቀበለቻቸው አሉ። ነገ ይህን በር ከውጭ የምትዘጋው ከሆነ ቀሪ ዕድሜዋን ምን ልታደርገው እንደሆነ አታውቅም። መፈረም ደግሞ ቀላል ነው። እስክሪብቶው እንኳ ተዘጋጅቷል።

ግን ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ትልቋ ዶክተርም ያኔ «ትልቋ» ሳትባል፣ እዚህ በመጣች በአምስተኛ ወሯ። ሴትዮዋ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ልቤን ስውር ያደርገኛል» አለቻት። ወጣቷ ሐኪም ካርዱ ላይ ይህን አልጻፈችም። በትምህርት ቤት ቋንቋ አንድ ያማረ ቃል ጻፈች፤ ትርጉሙ የልብ ምት መዛባት ነው። በማግስቱ ሴትዮዋ ብሶባት ስትመጣ ሌላ ሐኪም ተረኛ ነበር። ካርዱን አነበበ፣ የልብ ክኒን ሰጣት። ስውር ማለት ልትወድቅ ነው ማለት እንደሆነ ቢያነብ ኖሮ ሆዷን በዳሰሰ፣ መቼ የወር አበባ እንዳየች በጠየቀ ነበር። ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ተቀምጦ ወደ ውስጥ እየደማች ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሴትዮዋ እውነቱን ተናግራለች። የሞተችው ቃሏን ሰው ስለቀየረባት ነው።

ትልቋ ዶክተር ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ማስመሪያ ግን ከመሳቢያዋ ጠፍቶ አያውቅም።

«ይቀመጡ፤» አለችው ተቆጣጣሪውን። «ቀትር ገና ነው። ሰው ይጠብቀኛል።»

«ዶክተር፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።»

«ወንበር ላይ ያሉትም ትንሽ አይደሉም። ያቺን ወንበር ይሳቡና ይቀመጡ። የልብ ሕሙማንዎን እናያለን።»

መጀመሪያ የገባችው ሽንኩርት ነጋዴዋ ናት። ገና ሳትቀመጥ እጇን ከደረቷ በታች አስቀመጠች።

«ልቤን፣ እትዬ ዶክተር።»

አቶ አርባ ሁለት ቀና አለ።

«ሲርብሽ ነው የሚብስብሽ ወይስ ስትጠግቢ?»

«ሲርበኝ። ቀመስ ሳደርግ ልክ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጭጭ ይላል።»

«ያዘዝኩልሽን ክኒን ጨረስሽው?»

«ትንሽ ሲሻለኝ ጊዜ ተውኩት።»

«ሳይጨርሱ የሚተው ባል ነው እንጂ ክኒን አይደለም።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ ሳቀች። ትልቋ ዶክተር ግን ስቃ አላለፈችም፤ አስተኛቻት፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ግፊቷን ለካች። ቃልን መስማት ማለት በቃል ብቻ ማመን አይደለም። ከዚያ መስመሩ ላይ «ልቤን፤ ሲርበኝ። ስቀምስ ጭጭ ይላል» ብላ ጻፈች፣ ከታች የጨጓራን ቁጥር አከበበች።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው።

«ልቤን ቅር ቅር ይለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይሄው ሁለት ወሩ።»

ደረታቸውን በጥሞና አዳመጠች፤ እግራቸው አብጦ እንደሆን ተጫነች። ምንም የለም። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ልጅዎ ደወለ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አሽከረከሩት። «ሁለት ወሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

ትልቋ ዶክተር ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «የልጅ አለመደወል ስንት ቁጥር ነው?»

ሰውየው፣ እግዜር ይስጠው፣ ቅጹን አንስቶ ፈለገ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወርዶ ካየ በኋላ ነው የተናደደው።

«ዶክተር፣ መቀለዱን ይተዉት። መድኃኒት የሚላክልዎት በቁጥር ነው። ምን ያህል ሳል፣ ምን ያህል ወባ ተብሎ። 'ቅር ቅር' የሚል ወረቀት ይዤ መጋዘን ሄጄ ምን አምጡ ልበል?»

እውነቱን ነበር። ትልቋ ዶክተር እውነት ሲነገር አትክድም። «ለዚያ ነው ቁጥሩን የማከብበው፤» አለች። «ቁጥሩ ለእናንተ ነው። ቃሉ ግን ለእናንተ አይደለም። ነገ እኔ ሳልኖር እኚህን ሰው ለሚያይ ሐኪም ነው። እርስዎ ደግሞ የሰው ደብዳቤ ከፍተው አነበቡና በላዩ ከሰሱኝ።»

ተቆጣጣሪው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት በሩ ተከፈተ። ካርዷ ናት፤ አላንኳኳችም። አንድ አሮጌ ካርድ ይዛለች።

«እትዬ ዶክተር፣ ጋሽ ምንም መጥተዋል።»

«ትንሹ ዶክተር ጋ ላኪያቸው።»

«አይተዋቸው ጨርሰዋል። እኔ የምልሽ፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። ሚስትየው የሉም።»

ትልቋ ዶክተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ጋሽ ምንም አናጺ ናቸው። የካርድ ክፍሉን መደርደሪያ የሠሩት፣ የኮሪደሩን አግዳሚዎች የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው ከመልሳቸው የመጣ ነው። ካርዷ ያመጣችው ካርድ ላይ፣ ቅጹ ከመምጣቱም በፊት ጀምሮ በመጡ ቁጥር የተናገሩት በትልቋ ዶክተር እጅ ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ጊዜ መጥተዋል፣ አሥራ አንዱም መስመር አንድ ነው። «ምንም። ሚስቴ ናት ያመጣችኝ።» የሳንባ ምች ይዟቸው በትኩሳት ሲቃጠሉ፣ «ምንም። ሚስቴ ናት ያመጣችኝ።» ምስማር መዳፋቸውን በስቶ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ሳለ፣ «ምንም። ሚስቴ ናት ያመጣችኝ።»

አሥራ ሁለተኛው ካርዱ ላይ የተያያዘው የዛሬው ቅጽ ነው። መስመሩ ባዶ ነው። ከታች አሥራ ሰባት ቁጥር ተከብቧል። ድካም።

በሕይወቱ አንድ ቀን በገዛ እግሩ ሐኪም ጋ ያልመጣ ሰው፣ ዛሬ ማንም ሳይጎትተው ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ትልቋ ዶክተር ወንበሯን ገፍታ ስትነሳ የተቆጣጣሪው ወረቀት መሬት ወደቀ፤ አላነሳችውም።

ጋሽ ምንም የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ላይ የኃይል ሰጪ ክኒን ብልቃጥ፣ ሌላው ክንዳቸው መስኮቱ ደፍ ላይ። ቀኑ ብርድ ነበር፤ ግንባራቸው ግን በላብ ረጥቧል።

«ጋሼ።»

«ወዬ የኔ ልጅ።»

«ምን ሆኑ?»

«ኧረ ምንም።»

«የድሮው ምንም ነው ወይስ ሌላ?»

ጋሽ ምንምን እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ብልቃጡን ደፉ ላይ አስቀመጡና በባዶው እጃቸው መንጋጋቸውን ያዙ።

«የዛሬው ምንም ትንሽ ይከብዳል፤» አሉ።

ካርዷ በአንድ ወገን፣ ትልቋ ዶክተር በሌላው ደግፈው አልጋ ላይ አስተኟቸው። የልብ ምርመራ ማሽኑ ከሷ ጋር ያረጀ ነው፤ አንዱ ሽቦው በፕላስተር የተጠቀለለ ነው፣ ግን ይሠራል። ወረቀቱ እየተጎተተ ወጣ። ትልቋ ዶክተር የወረቀቱን አንድ ክንድ ያህል አየችና ቀሪውን ማየት አላስፈለጋትም። «አስፕሪን፤» አለች። «ያኝኩት፣ እንዳለ እንዳይውጡት። መርፌ መትከያ አምጡ። አምቡላንስ!»

ትንሹ ዶክተር ሮጦ ገባ። ወረቀቱን አንስቶ ሲያየው ፊቱ ነጣ።

«ጠይቄያቸዋለሁ፤» አለ። «ዶክተር ይሙቱ ጠይቄያቸዋለሁ! 'ልብዎን ያምዎታል?' አልኳቸው። 'ኧረ ምንም' አሉኝ። ዘጠኝን እንዴት ላክብብ?»

«ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ልቤን ብሎ ልቡን አልነበረም፤» አለች ትልቋ ዶክተር መርፌውን እየተከለች። «አንድ ሰው ምንም አለና ልቡን ሆነ። በኋላ ታለቅሳለህ፤ አሁን ኦክስጅኑን ያዝ።»

አምቡላንሱ አልነበረም። ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ጠዋት ወጥቷል፤ ቢቸኩል ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው። ትልቋ ዶክተር በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከተች። ግቢው ውስጥ አንድ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ከኋላ ሰው የሚያስተኛ። የተቆጣጣሪው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ወጣችና እጇን ዘረጋች። «የመኪናውን ቁልፍ።»

«ዶክተር፣ መኪናው ለቁጥጥር ሥራ ብቻ የተመደበ ነው። ከዚያ ውጭ እንዲወጣ ሥልጣን የለኝም፤ እኔ ነኝ የምጠየቅበት።»

«እንግዲያው ይቆጣጠሩ! ከኋላ ይግቡና የሰውዬውን ትንፋሽ እስከ ከተማ ድረስ ይቆጣጠሩ። ከዚህ የበለጠ ምን የሚቆጣጠሩት ነገር ኖሮዎት ያውቃል?»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ተነስቶ ቆሟል። ተቆጣጣሪው ሰዉን አየ፣ ዶክተሯን አየ፣ ከዚያ በተከፈተው በር አልጋው ላይ የተኙትን ሰው አየ። ቁልፉ ሾፌሩ ዘንድ ነበር፤ ሾፌሩ ደግሞ ይህ ሁሉ ክርክር ሳይጀመር የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ አንጥፏል።

«ይውሰዱት፤» አለ ተቆጣጣሪው። ለክብሩ ያህል ነው የተናገረው።

ትንሹ ዶክተር አብሯቸው ሊሄድ ተነሳ። ሊገባ ሲል ግን ተመልሶ ካርዷን «ካርዳቸውን ስጪኝ» አላት። የመኪናው ኮፈን ላይ አድርጎ አሥራ ሰባትን ሰረዘ፤ ባዶው መስመር ላይ ተጣድፎ ጻፈ። «የዛሬው ምንም ትንሽ ይከብዳል።» ከዚያ ካርዱን ይዞ ገባ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ የታመመ ሰው ሌላው ስለታመመ አይሻለውም። አቶ አርባ ሁለት ግን የሚሄድበት ጠፋው። ዶክተሯ ክፍል እንዳይመለስ አፈረ፤ ከግቢ እንዳይወጣ መኪና የለውም። አራተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቦርሳውን አቅፎ ተቀመጠ። ከጎኑ ሕፃን ያዘለች ሴት ጠጋ ብላ «አንተስ ወንድሜ፣ ምንህን ነው?» አለችው።

«እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ።»

«እግዜር ይማርህ።»

ቀትር ሆነ፣ አለፈም። ስልኩ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቋ ዶክተር ታማሚዋን «አንድ ጊዜ» ብላ አነሳችው።

«ደረስን፤» አለ ትንሹ ዶክተር። «ተቀብለዋቸዋል። የልብ ሐኪሙ የኛን ማሽን ወረቀት አየና 'ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ' ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ይተርፋሉ ነው የሚለው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«'ለሚስቴ ምንም እንዳትላት' እያሉኝ ነው።»

ትልቋ ዶክተር ሳቀች። ስልኩን ዘግታ ወደ ግድግዳው ዞረችና ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ታማሚዋ አይታ እንዳላየች ጫማዋን ማሰር ጀመረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊዋን ስትጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ልብስ ሰፊዋ አናጺ ሆና መጣችና ደረሰችላት።

ተቆጣጣሪው ወሬውን ሰምቶ ገባ። ካርዷም ነገር ሲሸታት የማትቀር ናትና ተከትላው ገባች።

«ደስ ብሎኛል፤» አለ ተቆጣጣሪው። «ከልቤ ነው።»

«ዘጠኝን ላክብብልዎት?» አለች ካርዷ።

ተቆጣጣሪው አልሰማኋትም አለ። የወደቀውን ወረቀት ከመሬት አንስቶ አራገፈና ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ግን አንድ ሰው ነው፣ ዶክተር። በአንድ ሰው ደንብ አይሻርም። ቀትር አልፏል። ወይ ይፈርሙ፣ ወይ የእገዳውን ደብዳቤ ልጻፍ።»

ትልቋ ዶክተር ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። መሳቢያዋን ከፍታ ማስመሪያውን አወጣች። የተቆጣጣሪውን እስክሪብቶ አነሳች፤ ከወረቀቱ አናት ላይ፣ ከማኅተሙ በላይ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ከዚያ ጻፈችበት። «የሐኪሟ ቃል፦ አልፈርምም።»

«ይህን ነበር የፈራሁት፤» አለች ካርዷ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል፣ እርስዎ እስክሪብቶ አዋሱ።»

«መልካም፤» አለ ተቆጣጣሪው። ድምፁ ቀጥኗል። «ከነገ ጀምሮ...»

«አልጨረስኩም፤» አለች ትልቋ ዶክተር። ከመሳቢያዋ አንድ ዳጎስ ያለ የወረቀት ጥቅል አውጥታ ፊቱ ዘረገፈችው። «እርስዎ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የልብ ሕሙማን አሉ ብለዋል። እኔ ደግሞ ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላሳድርም። ይሄ ወደ ሆስፒታል መላኪያ ነው። ሦስት መቶ አሥራ አንዱንም ዛሬ እንልካለን። 'መላክ አለበት ያለው' የሚለው ጋ እርስዎ ይፈርሙ። ከሽንኩርት ነጋዴዋ እንጀምር። ሆስፒታሉ በር ላይ 'ይቺን ማን የልብ ሕመምተኛ አላት?' ሲሉ ስምዎ ይነበባል።»

ተቆጣጣሪው ወረቀቶቹን አየ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ክሱ ላይ ግን ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው መርምረዋል።»

«ያ... ያ ቆጠራ ነው።»

«ይፈርሙ እንግዲህ። እስክሪብቶዎ ይኸው።»

እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አራቱም አግዳሚ ይሰማል። ተቆጣጣሪው ኮሌታውን ላላ አደረገ፣ ውጭ ውጭውን አየ፣ መኪናው አለመመለሱ ትዝ አለው።

«አዩ፤» አለች ትልቋ ዶክተር። «እርስዎም አይፈርሙም።»

በመጨረሻ ተቆጣጣሪው የክሱን ወረቀት አነሳ። አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው፤ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ክሱን አነሳለሁ፤» አለ። «መስመሩ ግን ይቁም።»

«መስመሩ አይቆምም።»

«ከቅጹ ጀርባ ይሁን።»

«ከአናቱ ላይ ነው።»

«ቢያንስ በእርሳስ!»

«በእስክሪብቶ፤» አለች ካርዷ ከበሩ ጋ።

ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ኧረ ሰዎች፣ ልቤን አደረቃችሁት!»

ከኮሪደሩ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ወንበሮቹ በሙሉ። ተቆጣጣሪው ያለው ነገር የገባው ከሰዉ ሁሉ ኋላ ነው። ካርዷ ግን ሄዳ ተመልሳለች፤ እጇ ላይ አዲስ ካርድ አለ፣ መስመሩም ተሰምሯል። ትልቋ ዶክተር ተቀብላ በተዋሰችው እስክሪብቶ ቃል በቃል ጻፈች። «የታማሚው ቃል፦ ልቤን አደረቃችሁት።» ከዳር ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብላ አስቀመጠች።

ከዚያ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ ወንበሩን በእጇ አሳየችው።

«ይቀመጡ፤» አለችው። «ሲርብዎት ነው የሚብስብዎት ወይስ ሲጠግቡ?»